አቤት ያላለው በር

እናቴ ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ ልናገርና እንገላገል፤ እኔ ራሴ ወሬ ሲነገረኝ «ተረፈች ወይስ አልተረፈችም» እያልኩ አንጀቴ ተንጠልጥሎ መስማት አልወድም። ደህና ናት። ትናንት እንኳን ደውላ ጉንፋን ያዘኝ እያለች ስትነጫነጭ ነበር። መተሐራ ቁጭ ብሎ ጉንፋን! አዳራሹን አለቅጥ ያቀዘቅዙታል አለችኝ፣ ጉልበቴን ቆረጠመኝ አለችኝ፣ ጎረቤቷ አየለች ደግሞ ብርድ ልብሷን ወስዳ አልመለሰችላትም። እኔ ስልኩን ይዤ ዝም ብዬ አዳመጥኳት። እንኳንም ተነጫነጨች።

ነገሩ የሆነው በ2096 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው። መተሐራን ለማያውቃት ሰው ልንገረው። ረፋድ ላይ ደወል ይደወላል፣ ሰው ቤቱን ቆልፎ ይወጣና ወደ ማቀዝቀዣው አዳራሽ ይሄዳል። ፀሐይዋ እስክትበርድ እዚያው ይውላል። ልጅ እዚያ ያጠናል፣ ሽማግሌ እዚያ ያንቀላፋል፣ ሽንኩርትም እዚያ ይከተፋል። ውጭ መዋል የሚባል ነገር የለም፤ የሞከሩት ሰዎች ነበሩ፣ አሁን የሉም። አዳራሹ ከመሬት በታች ስለሆነ ከላይ የሚታየው የመስታወት በሩ ብቻ ነው። ሰው በሩ ፊት ቆሞ ስሙን ይናገራል። በሩ «አቤት» ይልና ይከፈታል።

የመተሐራ በር ብቻ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው። ቧንቧውም፣ አውቶቡሱም፣ መድኃኒት ቤቱም ያው ነው፤ ስም ተነግሮት «አቤት» ካላለ ግድግዳ በሉት። ድሮ ታላቅ ሲጠራ አቤት የሚለው ታናሽ ነበር ይባላል። አሁን አቤት የሚለን በር ነው፣ ደስም ይላል፣ የተከበርን ይመስለናል። የእህቴ ልጅ «እማ» ከማለቷ በፊት የራሷን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ አስተካክላ ትናገር ነበር። አጨበጨብንላት።

በሩ ራሱ ግን ማንንም አያውቅም። ስማችሁን ተቀብሎ ወደ አድማጭዋ ይልካል። አድማጭ የምንላት በስም መዝገቡ ደጃፍ ተቀምጣ ጥሪ የምትቀበል ፕሮግራም ናት፤ ሥራዋ መስማት ነው። አገር ምድሩን የሞላው በር ሁሉ የሚያውቀው የእሷን ስም ብቻ ነው፤ ጸጋ። በሩ «ጸጋ» ብሎ ይጠራል፣ እሷ «አለሁ» ትላለች፣ ስማችሁን ከመዝገቡ አይታ «የእኛ ሰው ነው» ትላለች፣ በሩ ይከፈታል።

አድማጮቹ ሁለት ናቸው። ቀዳሚዋ አዳማ ናት፣ ተጠባባቂዋ ደብረ ብርሃን፣ እኛ ዘንድ። አዳማ አንድ ነገር ብትሆን ስሙ ወደ እኛ ይዘላል፤ በሮቹ ቦታው መቀየሩን እንኳን ሳያውቁ በዚያው ስም ይጠራሉ፣ የእኛዋ ትመልሳለች። ሐሳቡ ይህ ነበር። እኔ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ግን አዳማ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። የአዳማ ልጆች «ተቀያሪ ጎማ» እያሉ ይቀልዱብናል። ሲደውሉም «ጎማዎች፣ እንዴት ዋላችሁ? ነፋስ አላችሁ?» ይላሉ። ያናድዳሉ።

ማሽኖቹን ደብረ ብርሃን ያመጧቸው ለብርዱ ብለው ነው፤ መስኮት ከፍተን የአገሩን አየር እናስገባላቸዋለን። አብሮኝ የሚሠራው ጋሽ አንዳርጌ ከደንብ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቦ ነው የሚውለው። የመንዝ ሰው ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም፣ ድምፁ ደግሞ ሲያምር! ድምፁን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሰኞ ሰኞ የአድማጭዋን ቅንብር እናመሳክራለን። ደንቡ አንዱ የእኛን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው የአዳማውን ቅጂ ይዞ ያዳምጥ ይላል።

«የአድማጭ ስም፣ ፀጋ» ይላል ጋሽ አንዳርጌ፣ መድረክ ላይ የቆመ ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

«ልክ» እላለሁ።

«አድራሻ፣ ከስሙ ጋር ተንቀሳቃሽ።»

«ልክ።»

«አዳማ ከወደቀች፣ ወዲያው መረከብ።»

«ልክ።»

ከዚያ ሻይ እንጠጣለን። ሰኞ አለቀ ማለት ነው።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ አዳማ ወደቀች። ሙቀቱ ነው፤ ማቀዝቀዣዋ ተቃጠለ፣ ማሽኖቹም እንዳይነዱ ራሳቸውን አጠፉ። እኛ ጋ ቀዩ መብራት በራ።

«ምዕራፍ!» አለ ጋሽ አንዳርጌ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። ምዕራፍ እኔ ነኝ። «ተጠራን!»

ትታዘቡን ይሆናል እንጂ ደስ አለን። ስንት ዘመን ጎማ ስንባል ኖረን! ስሙ ወደ እኛ ዘለለ፣ መዝገቡ የጎደለው ነገር የለም፣ አድማጭዋም ነቅታ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ «ፀጋ፣ ዝግጁ» ይላል፣ አረንጓዴ ሆኖ። የጥሪው ጎርፍ እስኪመጣ ጠበቅን። አልመጣም። የጥሪ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ተገትሮ ቀረ።

«ሰው ሁሉ ተኝቷል እንዴ?» አለ ጋሽ አንዳርጌ።

«በዚህ ሰዓት? አሁን እኮ አገሩ በሙሉ በር ላይ ነው!»

ወዲያው መገናኛው ጮኸ። ኢንጂነር ቶሌራ ናቸው፣ የሁለቱም ጣቢያ አለቃ፣ ከአዳማ።

«ምን እየሠራችሁ ነው እናንተ? በሮቹ ይጠራሉ፣ የሚመልስላቸው የለም!»

«እኛ ጋ የመጣ ጥሪ የለም ኢንጂነር» አልኳቸው።

«እንዴት አይኖርም? በሉ የአድማጭዋን ስም አንብቡልኝ።»

«ፀጋ» ብሎ አነበበ ጋሽ አንዳርጌ።

«ልክ ነው። እንደገና።»

«ፀጋ!»

«ልክ ነው እኮ! ታዲያ ምን ሆና ነው የማትሰማው?»

«ደንቁራ ነዋ!» አለ ጋሽ አንዳርጌ። ማንም አልሳቀም።

በዚህ መሃል የእጅ ስልኬ ጠራ። ስልክ ከሰው ወደ ሰው ስለሆነ መዝገቡን አይጠይቅም። እናቴ ናት።

«ምዕራፌ፣ ሥራ ላይ ነሽ? አላቆይሽም።»

«እማ፣ የት ነሽ?»

«አዳራሹ በር ላይ። ስሜን እነግረዋለሁ፣ አቤት አይልም።»

እናቴ ደም ግፊት አለባት። ሐኪሙ ፀሐይ ላይ ትንሽም እንዳትቆይ፣ ከቆየች እኔን አትጠይቁኝ ብሎናል፤ በዚሁ ቃል ነው ያለን።

«ወደ ቤት ተመለሺ እማ! አሁኑኑ!»

«ተመልሼ ነበር እኮ። የቤቱም በር ዝም አለኝ።»

«ጥላ ፈልጊ እንግዲያ!»

«ጥላ ከየት ይምጣ ልጄ? ዛፉን በሩን ይጋርዳል ብለው ቆረጡት።» ድምፅዋ ደርቋል። «አየለችን አዙሯት መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ሰፈሩ በሙሉ እዚህ ነው። ውሃም የለም፣ ቧንቧውም አቤት አይልም። አንቺ ግን አይዞሽ፣ እኔስ መቀመጫ አግኝቻለሁ።»

አይዞሽ የምትለው እኔን ነው! እኔ ጃኬቴን ቆልፌ የደብረ ብርሃን ነፋስ ፊቴን እየመታኝ፣ እሷ እሳት ላይ ተቀምጣ። አፈር ልብላልሽ እናቴ።

«እኔ የምልሽ» አለች ቀጥላ፣ ጎረቤት እንዳይሰማባት ይመስለኛል ዝግ ብላ። «በእኔ ምክንያት ይሆን እንዴ? ሰልፉ ላይ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ስሜን ደግሞ አበላሽተው ጽፈውት እንደሆነስ? ጸዳለ በጸሎቱ ጸ ነው ብዬ ስንቴ ነገርኳቸው። እነሱ ሁልጊዜ በፀሐዩ ፀ!»

ይህን ጭቅጭቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለሰርጌ የታተመው የጥሪ ካርድ ላይ ስሟ በፀሐዩ ፀ ወጥቶ «ይቺን ሴትዮ አላውቃትም፣ እሷን ፈልጋችሁ ዳሩላት» ብላ ካርዱን በሙሉ እንደገና አሳትማናለች። የመዝገቡ ሰዎችም እንደ እሷ ያለው ሰው ሲበዛባቸው ጊዜ፣ የሰው ስም ላይ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎችን ማሽኑ አንድ አድርጎ እንዲያይ ካደረጉት ቆይቷል።

«እማ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። በየትኛውም ጸ ቢጻፍ ማሽኑ አንድ ነው የሚለው። የሰው ስም እስከሆነ ድረስ...»

የሰው ስም እስከሆነ ድረስ።

ስልኩን ሳልዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ጋሽ አንዳርጌ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ የእኛዋ አድማጭ በየትኛው ጸ ነው የተጻፈችው?»

«ምን ማለትሽ ነው በየትኛው? ፀጋ ነዋ!»

«በጸሎቱ ነው ወይስ በፀሐዩ?»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ። «በፀሐዩ» አለ።

«ኢንጂነር! በሮቹ የሚጠሩትስ? የእናንተ በየትኛው ነው?»

መገናኛው ውስጥ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። ከዚያ «በጸሎቱ» አሉ ኢንጂነር ቶሌራ። «ታዲያ ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ?»

ለእርሳቸውና ለእኔ አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን፣ የአድማጭ ስም የሰው ስም ስላልሆነ፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ናቸው። በሮቹ አንዷን ይጠራሉ፣ ሌላዋ እኛ ጋ ጆሮዋን ከፍታ፣ ስሟ እስኪጠራ በጨዋነት ትጠብቃለች። ሁለቱን ጣቢያ የተከሉት ሰዎች እያንዳንዳቸው ልክ ነው ባሉት ፊደል ጽፈው ሄዱ፤ እኛ ደግሞ ሰኞ ሰኞ በሚያምር ድምፅ እያነበብን ልክ ስንል ኖርን። እናንተም ብትሆኑ አላያችሁትም። ጋሽ አንዳርጌ ሲያነብ በፀሐዩ ነው የጻፍኩላችሁ፣ በሮቹ ሲጠሩ በጸሎቱ። ተመልሳችሁ እዩት፣ እኔ አላፍርም።

«አሁኑኑ ልቀይረው» አልኩ።

«ቆይ!» አሉ ኢንጂነር። «የአድማጭ ቅንብር ያለ ፈቃድ አይነካም። ፈቃድ ጠይቂ።»

«ማንን?»

«መዝገቡን ነዋ።»

«በማን በኩል?»

መዝገቡ የሚጠየቀው በጸጋ በኩል ነው፣ ጸጋ ደግሞ የለችም።

«እንግዲያውስ ጋቢዬን አንጥፌ ልተኛ» አለ ጋሽ አንዳርጌ። ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

«ደንብ ነው ምዕራፍ» አሉ ኢንጂነር ቶሌራ። «ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። አንድ ነገር ቢበላሽ...»

«ከዚህ በላይ ምን ይበላሽ?» ጮህኩባቸው። አለቃዬ ናቸው፣ በዕድሜም አባቴ ይሆናሉ፣ ግን ጮህኩባቸው። «እናቴ ፀሐይ ላይ ናት ኢንጂነር! ደም ግፊት አለባት! ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አይዞሽ እያለችኝ ነው!»

መገናኛው ውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

«ሚስቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሚስቴም ሐኪም ቤቱ በር ላይ ናት። ከውጭ በኩል።» ተነፈሱ። «ጻፊው። ጻፊው፣ እኔ አለሁ።»

ፀን አጠፋሁ። ጸን ጻፍኩ። አንድ ፊደል ብቻ። ከዚያ እንደ ልማዴ ላነብለት አፌን ስከፍት ጋሽ አንዳርጌ ክንዴን ጨበጠኝ።

«እንዳታነቢልኝ!» አለ። «አሳዪኝ።»

አሳየሁት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ፣ ፊደሏን ከላይ እስከ ታች ዳበሳት። «በጸሎቱ ናት» አለ። «ቀስቅሻት።»

አድማጭ ስሟ ሲቀየር ተኝታ መነሳት አለባት። አስተኛኋት። ስክሪኑ ጠቆረ። ነቅታ የኖረችውን ማስተኛት ቀላል ነው፣ ብትቀርስ? ብትቀር ምን ይባላል? ጋሽ አንዳርጌ ጋቢውን ተከናንቦ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ የማየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ነበር። መስመሩ እንደተከፈተ ነው፣ የሚሰማኝ ግን ነፋስ ብቻ ነው፣ ሩቅ ደግሞ የሕፃን ለቅሶ። የእናቴ ድምፅ የለም።

«እማ?» አልኩ። «እማ!»

ምንም።

ስክሪኑ ብልጭ አለ። «ጸጋ፣ ዝግጁ።» ቆጣሪው ዜሮ ነበር፣ ከዚያ ቁጥሩ ለዓይን እስኪያስቸግር መሮጥ ጀመረ። እኔ ግን ያመንኩት ስክሪኑን አይቼ አይደለም። በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የዚያ የተረገመ በር ድምፅ መጣ።

«አቤት» አለ በሩ።

ከዚያ እንደገና «አቤት»። ከዚያ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ስሙን ሲጮህ፣ በሩም «አቤት፣ አቤት፣ አቤት» ሲል፣ አንዲት ሴት እልል ስትል ሰማሁ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል የእናቴ ድምፅ መጣ። «ቀስ በሉ! መጀመሪያ ልጆቹን! አየለችን ያዟት፣ በብብቷ ስር፣ እንዲያ!» እያለች ሰው ታዛለች። ስልኩን ረስታዋለች።

እፎይ! ተመስገን! ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ጋሽ አንዳርጌ ጋቢውን ወደዚያ ወርውሮ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ማሽኖቹ መሃል እስክስታ ወረደ። መገናኛው ውስጥ ኢንጂነር ቶሌራ በኦሮምኛ ፈጣሪያቸውን ሲያመሰግኑ ይሰማል፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሰው «ጎማዎቼ! ጎማዎቼ!» አሉን። የዚያን ቀን ስድብ አልመሰለንም።

የሞተ ሰው የለም። ሐኪም ቤት የገባው ብዙ ነው፣ አየለችም ጥቂት ቀን ተኝታ ወጥታለች፣ አሁን የእናቴን ብርድ ልብስ ለብሳ በደህና ትውላለች። ለኢንጂነር ቶሌራ የማስጠንቀቂያና የምስጋና ደብዳቤ ባንድ ቀን ደረሳቸው። እኛም ሰኞ ሰኞ ማንበብ ቀርቶብናል፤ ሁለቱን ቅንብሮች ጎን ለጎን እናደርግና ሳንነጋገር ፊደል በፊደል እናያለን። የጋሽ አንዳርጌ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ፈቃድ እንዳገኘሁ መተሐራ ወረድኩ። እናቴን ሳቅፋት አጥንቷ ተሰማኝ፣ ሳምኳት፣ አገላብጬ ሳምኳት፣ «ልቀቂኝ እንጂ፣ ላብ በላብ አደረግሽኝ» አለች። ፀሐይዋ ገና ስላልከረረች ያን በር አሳዪኝ አልኳት። ይዛኝ ሄደች።

መስታወት ነው። በጣቴ አንኳኳሁት፣ እንዳሰብኩት ወፍራም አይደለም፤ የኩሽና መስኮት ያህል ነው። በስተኋላው ወደ ታች የሚወርደው ደረጃና ከደረጃው ግርጌ የተደረደሩት የውሃ ጀሪካኖች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«የት ነበርሽ ያን ቀን?» አልኳት።

«እዚህ።» አሳየችኝ። በሩ አጠገብ፣ ከተቆረጠው ዛፍ ሥር የወጣ ድንጋይ አለ። «እዚህ ላይ ተቀምጬ። ሌላው ቆሞ።»

ድንጋዩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ተነሳልኝ። እኔ ብቻዬን አነሳሁት። መልሼ አስቀመጥኩት።

«እማ፣ በዚህ መስታወቱን ለምን አልሰበራችሁትም?»

ነውር እንደተናገርኩ ሁሉ አየችኝ። አንዴ በሩን አየች፣ አንዴ እኔን።

«አቤት ሳይለን?» አለች።

በዚያ መሃል ደወሉ ተደወለ። ሰው ከየቤቱ እየወጣ መጣ፣ ሰላም ተባባልን፣ ተሰለፍን። እናቴ ስሟን ነግራው ገባች። አየለችም ገባች። ተራዬ ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ተናገርኩ። ትንሽ የዘገየ መሰለኝ። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።

«አቤት» አለኝ።

እፎይ አልኩ።